ስለ መጻተኛ ቤተ ሰብ

መጻተኛ የሚባለው ከተወለደበት አገር ወጥቶ በሰው አገር የሚኖር ሰው ነው። አንዳንዱ ለንግድ ወይም ለትምህርት ወድዶ ይወጣል። ሌላው ግን ጦርነት ወይም ራብ አሳድዶት፥ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፥ የሚያርፍበትን ሳያውቅ ይወጣል። ይህን ሁለተኛውን ስደተኛ እንለዋለን።

ልጆች ሆይ፥ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በሕፃንነቱ ስደተኛ ነበረ። ሄሮድስ ሊገድለው በፈለገ ጊዜ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሸ። የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ይህን ስደት በየዓመቱ ታስባለች። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወራት ጽጌ ይባላል፤ በማግሥቱም ኅዳር 6 ቀን የቍስቋም በዓል ይከበራል። ቍስቋም በግብፅ ያለ ተራራ ሲሆን፥ ማርያም ከልጅዋ ጋር ያረፈችበት ነው ተብሎ ይታመናል።

በ18ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ምንትዋብ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ተራራ ላይ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠራች፤ ስሙንም ደብረ ፀሐይ ቍስቋም አለችው። የቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ዛሬም ይታያል። እንግዲህ የጎንደር ሰው ቍስቋም ባለ ቍጥር የአንድ ስደተኛ ቤተ ሰብ ማረፊያ የነበረውን ቦታ ስም ይጠራል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም።

እቴጌይቱ በዚሁ በቍስቋም ሳለች በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ወደ ጎንደር መጣ፤ እርስዋም በደኅና ተቀበለችው። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ብሩስ የታላላቅ ሰዎች ደብዳቤ የያዘና የሕክምና ዕውቀት የነበረው እንግዳ ነበረ። እንዲህ ያለውን መቀበል ብዙ አያስቸግርም። ደብዳቤም ገንዘብም የሌለውን መቀበል ግን ሌላ ነው።

በደጋው አገር መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ፥ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለ ቤቱም፥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ ያስገባዋል። እግሩን ያጥቡታል፤ በእሳቱ አጠገብ ያስቀምጡታል፤ ከቤት ያለውን ያቀርቡለታል። ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ አይመረመርም። ይህ ልማድ እጅግ የተከበረ ነው። ነገር ግን የአንድ ሌሊት ልማድ ነው፤ እንግዳው ሲነጋ መርቆ ይሄዳልና። ስደተኛው ሲነጋም የሚሄድበት የለውም። ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው ነው፤ ልጆቹም በዚያው ያድጋሉ። ስለዚህ ትዕግሥት የሚፈተነው በመጀመሪያው ሌሊት ሳይሆን በሦስተኛው ወር ነው፤ ውኃ ለመቅዳት ተራ ሲረዝም፥ እንጨት ሲጠፋ፥ የእህል ዋጋ ሲወደድ። የዳባት ገበሬ ራሱ ባለጠጋ አይደለም፤ ይህን ሳንናገር ስለ ርኅራኄ ብቻ ብናወራ እውነቱን መሸፈን ይሆናል።

ዳባትን ያነሣነው በምክንያት ነው። ከጎንደር በስተ ሰሜን በምትገኘው በዚህች ወረዳ አለምዋጭ የሚባል የስደተኞች መጠለያ ተሠርቷል። በትግራይ ማይ ዓይኒና ዓዲ ሓሩሽ በሚባሉት መጠለያዎች ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኤርትራውያን ጦርነት ስለ ደረሰባቸው በ2014 ዓ.ም. ወደዚህ ተዛወሩ። እነዚህ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተሰደዱ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ከአገራቸው፥ አንድ ጊዜም ከተሰደዱበት።

በምዕራብም በኩል በመተማ መንገድ ሌላ ስደት ሆነ። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰቦች ከገላባት ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ኩመርና አውላላ በሚባሉ ስፍራዎችም ተጠለሉ። በዚያም ዝርፊያና ፍርሃት አገኛቸው። በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ ከአውላላ ወጥተው በመንገድ ዳር ሰነበቱ። እንግዳን መዝረፍ በየትም አገር ነውር ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን ነውሩ ይብሳል። ምክንያቱን እነሆ እንናገራለን።

በ1977 ዓ.ም. ታላቅ ራብ በሆነ ጊዜ ብዙ የአገራችን ሰዎች ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከጎንደር መንደሮችም ቤተ እስራኤል በእግራቸው እየተጓዙ ወደዚያ ሄዱ። በገዳሪፍ አገር ኡም ራኩባ በሚባለው መጠለያ የተቀመጡ ነበሩ። ብዙዎቹም በመንገድና በመጠለያ ሞቱ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ የሸሹ ሰዎች በዚያው በኡም ራኩባ ተጠለሉ። ሱዳንም በእነዚያ ዘመናት ባለጠጋ አገር አልነበረችም። እንግዲህ ትናንት የኛን ሰው ያስጠጋ አገር ሕዝብ ነው ዛሬ ወደኛ የሚሸሸው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ስለ ፍርድ ቀን ሲናገር፥ የተራበውን ያበላ፥ የተጠማውን ያጠጣ፥ እንግዳውንም የተቀበለ ሰው ይህን ሁሉ ለእርሱ ለራሱ እንዳደረገለት ይቈጥርለታል። የእንግዳውን ሃይማኖት ወይም ነገዱን ጠይቁ አላለም። ከሱዳን የሚመጡት አብዛኞቹ እስላሞች ናቸው፤ ውኃ ጥሙ ግን አንድ ነው።

የአገራችንም ሕግ፥ ማለት በ2011 ዓ.ም. የወጣው 1110ኛው አዋጅ፥ የስደተኛ ልጅ እንደ አገሩ ልጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ ፈቅዷል። ስለዚህ ከእናንተ አንዱ በአንድ ወንበር ላይ ከስደተኛ ልጅ ጋር ይቀመጥ ይሆናል። ከኤርትራ የመጣው ልጅ ትግርኛ ተናጋሪ ከሆነ የኛን ፊደል ያውቀዋል፤ ቃሉ ባይገባውም ይህን መጽሐፍ አንሥቶ ሊያነብበው ይችላል። ውኃን ማይ ይለዋል፤ ይህም በግዕዝ ያለው ቃል ነው። የሱዳኑ ልጅ ግን በዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍን የለመደ ነውና ፊደልን ከሀ ይጀምራል። እርሱ ሞያ ቢላችሁ ውኃ ማለቱ ነው።