አኖዳይዝድ ቸርኬ በምን ይታጠባል?

መኪና ላቫጆ ገብቶ ቸርኬው ሲታሽ ብዙ ባለመኪና ዓይኑን የሚጥለው ነጭ ጋዝ የነካው ጨርቅ ላይ ነው። ቸርኬው አኖዳይዝድ ከሆነ ግን ይበልጥ የሚያሰጋው ባልዲ ውስጥ የተበጠበጠው የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው።

ምክንያቱ የሽፋኑ አሠራር ነው። ሽፋኑ የተቀባ ቀለም አይደለም። አሉሚኒየሙ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከራሱ ከብረቱ ላይ የሚያድግ ኦክሳይድ ነው። ብርጭቆ ወረቀትም የሚሠራው ከዚሁ ማዕድን ስለሆነ ጥንካሬው አያጠያይቅም። ችግሩ መሳሳቱ ነው፤ ለውበት ተብሎ የሚሠራው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ነው፣ አንድ የጠጉር ዘለላ እንኳ ወደ 70 ይጠጋል። በዚያ ላይ ጠንካራ አሲድም ሆነ ጠንካራ አልካሊ ያሟሟዋል። ፒኤቹ ከ4 በታች ወይም ከ9 በላይ የሆነ ማጠቢያ አይመከርም። የተበጠበጠ የልብስ ዱቄት ሳሙና 10 አካባቢ ነው፣ በረኪና ከዚያም ያልፋል። ጉዳቱ የሚታየው ቀለም ያለው ቸርኬ ሲደበዝዝ፣ ብርማው ደግሞ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጣ ነጣ ሲል ነው።

በግንባታ አካባቢ የሚያሽከረክር ሰው አንድ ነገር ይጨምር። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም ኃይለኛ አልካሊ ናቸው። ሕንፃ ላይ የተገጠመ የአሉሚኒየም መስኮት ሞርታር ሲነካው ጠባሳ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ሲሚንቶ የነካውን ጭቃ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ማስለቀቅ ነው፤ ከደረቀ በኋላ መፋቅ ሌላ ጭረት ያመጣል።

ከፋብሪካ የሚወጡ አብዛኞቹ ቸርኬዎች በቀለምና በላከር የተሸፈኑ ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደያዙ ይወቁ። በቴስተር ሁለቱን ጫፎች ቀስ አድርገው ቢያስነኩ ያልተሸፈነ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አኖዳይዝዱ አያስተላልፍም። ላከርም ስለማያስተላልፍ ሁለቱን መለየት ሊያዳግት ይችላል፤ ደግነቱ የሚከተለው አስተጣጠብ ለሁለቱም ይስማማል።

ቸርኬው በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። ሲሞቅ ሳሙናው ቶሎ ይደርቅና ምልክት ይተዋል። አሸዋውን አስቀድመው በውኃ ያውርዱት፣ አለዚያ ስፖንጁ እየጎተተ ይቧጭርበታል። ከዚያ ፒኤቹ ገለልተኛ በሆነ የመኪና ሻምፖ፣ ካልተገኘም በለዘበ የሰሃን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ አንድ አንድ ቸርኬ እያጠቡ ወዲያው ማለቅለቅና በጨርቅ ማድረቅ ነው።

በሳሙና አልለቅ የሚለው ጥቁር ብናኝ ከፍሬን ዲስክና ከፍሬን ሸራ የሚወጣ፣ ብረት ያለበት አቧራ ነው። ለእሱ የተሠራ፣ ብረት ሲያገኝ ወደ ሐምራዊ የሚለወጥ ማስለቀቂያ አለ፤ ጽሑፉ ላይ ገለልተኛ መሆኑን አይተው ይግዙ፣ ሳይደርቅም ያለቅልቁት። «አሲድ» እየተባለ የሚረጨውን ግን ይተዉ። አንዳንዱ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለበት። ይህ አሲድ ቆዳ ዘልቆ ይገባል፣ ሕመሙም ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል የነካው ሰው ሳያውቀው ይጎዳል።

የድስት ሽቦም ሆነ የብረት ማወልወያ አያስነኩት። ማወልወያ የሚሠራው በመፋቅ ነው። ሽፋኑ አንዴ ከተነሣ ላቫጆ አይመልሰውም፤ ጎማው ወልቆ፣ የቀረው ተገፎ፣ ቸርኬው እንደገና ገንዳ መግባት አለበት።

ቸርኬው ላይ ግራሶ ካለ ደግሞ ነጭ ጋዝ ወይም አልኮል መጠቀም ይቻላል፤ ኦክሳይዱን አይበላውም። ጨርቁን በትንሹ አርጥበው ይጥረጉና በሳሙና ያጥቡት፤ ቸርኬው ላይ ማፍሰስ ግን አይገባም። ዲስኩን ወይም ሸራውን ከነካ ፍሬኑ መያዝ ያቅተዋል። ደግሞም ግራሶ ከየት መጣ ማለት ያስፈልጋል። በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ዙሪያውን ተረጭቶ ከተገኘ የአክስሉ መገጣጠሚያ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ከማጠብ በፊት መኪናውን ለመካኒክ ያሳዩ።