ሚኒስትሯን በቀጥታ መጠየቅ

የህንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሱሽማ ስዋራጅ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በሥልጣን ላይ ሳሉ ትዊተርን የአቤቱታ መቀበያ አድርገውት ነበር። ባህር ማዶ ፓስፖርቱ የጠፋበት፣ አሠሪው ደመወዝ የከለከለው፣ የዘመዱን አስከሬን ወደ አገር ማስገባት ያቃተው ህንዳዊ በቀጥታ ለእሳቸው ይጽፍ ነበር፤ እሳቸውም ብዙ ጊዜ ራሳቸው መልሰው ጉዳዩን ለኤምባሲው ይመሩት ነበር። ማመልከቻ አስገብቶ «ነገ ተመለስ» መባልን ለለመደ ባለጉዳይ ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር።

ለውጡ ጎልቶ የታየው በ2016 በሳዑዲ ዓረቢያ ነው። የነዳጅ ዋጋ ወርዶ የግንባታ ሥራ ሲቀዘቅዝ የብዙ ሺህ የውጭ አገር ሠራተኞች ደመወዝ ተቋረጠ። አንድ ሰው ጅዳ ውስጥ 800 ያህል ህንዳውያን ለሦስት ቀን እህል አልቀመሱም ብሎ ለሚኒስትሯ ጻፈ። ሲጣራ የተቸገሩት ከ10,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ስዋራጅ በሳዑዲ የሚኖሩ ወገኖቻቸው እንዲደርሱላቸው እዚያው ትዊተር ላይ ተማጸኑ፤ ቆንስላውና የአካባቢው ህንዳውያንም ተባብረው ከ15,000 ኪሎ በላይ ምግብ አደሉ። በዓረብ አገር እህት ወይም ልጅ ያለው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ፣ ሲጠሩት አቤት የሚል ቆንስላ ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም።

በህንድ የባቡር ሚኒስቴርም ሠራተኞች የተሳፋሪዎችን የትዊተር መልእክት ተከታትለው ባቡሩ ወደሚደርስበት ጣቢያ ያስተላልፉ ነበር። ለሕፃን ወተት፣ ለታመመ መንገደኛ መድኃኒት የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

እንዲህ ያለ ምላሽ ያየ ዜጋ ከመንግሥት የሚጠብቀው ይጨምራል። ቀድሞ የቢሮ ልማድ ተብሎ የሚታለፈው ዝምታ አሁን እንደ ንቀት ይቆጠራል። የአንዱ ጉዳይ በሰዓታት ካለቀ የሌላው ለምን ወራት ይፈጃል የሚለው ጥያቄም ተገቢ ነው። ከልክ ያለፈም አልጠፋም፤ አንድ ሰው ስለተበላሸ ማቀዝቀዣው ለስዋራጅ ቢጽፍ፣ በችግር ላይ ባሉ ሰዎች ጉዳይ መጠመዳቸውን ነግረው መልሰውታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መጻፍ የማይችለው ሰው ጉዳይ ነው። አሠሪዋ ስልኳን የቀማቻት የቤት ሠራተኛ በትዊተር ላይ አትታይም። በርካታ ተከታይ ያለው ሰው ጩኸት ሲሰማ የእሷ ተደፍኖ ይቀራል። ስለዚህ በ2015 ሚኒስቴሩ የከፈተው ማዳድ የተባለ የአቤቱታ ድረ ገጽ ከሚኒስትሯ ትዊቶች የበለጠ ዋጋ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚያ አቤቱታው ይመዘገባል፣ ለሚመለከተው ኤምባሲ ይመራል፣ የት እንደደረሰም መከታተል ይቻላል። በግል ትጋት ላይ የቆመ አገልግሎት ባለቤቱ ሲነሳ ሊቆም ይችላል፤ ስዋራጅ በ2019 ከሥልጣን ሲወርዱ የማዳድ አሠራር ግን ቀጥሏል።