የመገናኛ መረብን በነጥብና በመስመር ስለ መመርመር

በድርቅ ጊዜ ከእህሉ አስቀድሞ መድረስ ያለበት መረጃው ነው። የዝናቡ መቅረት፣ የእህል ዋጋ መናርና የሕዝቡ ከቀዬው መነሣት በወቅቱ ካልተነገረ፣ እርዳታው ቢዘጋጅም ጊዜው ያልፍበታል። በመሆኑም መልእክት የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች እንዴት እንደተያያዙ መመርመር የእርዳታው ሥራ አንድ ክፍል ነው። ለዚህ የሚረዳው የግራፍ ቲዎሪ የተባለው የሒሳብ ዘርፍ ነው።

የዘርፉ መነሻ ሌዮንሃርድ ኦይለር ስለ ኬኒግስበርግ ከተማ ሰባት ድልድዮች እ.ኤ.አ. በ1736 ያቀረበው ጥናት ነው። ኦይለር ርቀትንና ስፋትን ትቶ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚያያዝ ብቻ በመመልከት፣ እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ሁሉንም ማዳረስ እንደማይቻል አረጋገጠ።

በመገናኛ ረገድ ጣቢያው ነጥብ፣ የስልክ ወይም የሬዲዮ ግንኙነቱ መስመር ይሆናል። ስድስት የወረዳ ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው ከአንድ ማእከል ጋር ብቻ ተያይዘዋል እንበል። መስመሮቹ ስድስት ናቸው፤ መልእክትም ከወረዳ ወደ ወረዳ በሁለት እርምጃ ይደርሳል። ዳሩ ግን አንድ መስመር ቢቋረጥ አንድ ወረዳ ድምፁ ይጠፋል፤ ማእከሉ ሥራ ቢያቆም ደግሞ ስድስቱም ይለያያሉ። ሰባቱ ጣቢያዎች በቀለበት ቢያያዙ ግን የሚጨመረው አንድ መስመር ብቻ ነው። መልእክቱ እስከ ሦስት እርምጃ ቢፈጅም፣ ማናቸውም አንድ መስመር ወይም አንድ ጣቢያ ቢጠፋ የቀሩት አይለያዩም።

እ.ኤ.አ. በ1926 ኦታካር ቦሩቭካ የሞራቪያን የኤሌክትሪክ መረብ በአነስተኛ ወጪ ለመዘርጋት የሚያስችል ዘዴ አሳትሟል። ወጪን ብቻ ተከትሎ የተሠራ መረብ ግን ትርፍ መስመር ስለሌለው፣ አንዱ ሲቆረጥ ለሁለት ይከፈላል። ቁጠባውና ዋስትናው አብረው ሊመዘኑ ይገባል።

መስመሩ ሳይቆረጥም ነጥቡ መልእክቱን ይዞ ሊቀር ይችላል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ መረጃ ለሕዝብ ሳይገለጥ በመቆየቱ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። ሁለተኛ መንገድ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

ስለሆነም እያንዳንዱ ኃላፊ የአካባቢውን ጣቢያዎች በወረቀት ላይ ነድፎ፣ ነጥቦቹን በየተራ በጣቱ ይሸፍን። አንዱ ሲሸፈን ሌሎቹ ከተለያዩ፣ አዲሱ መስመር መዘርጋት ያለበት እዚያ ነው።