ቋንቋን በስልክ መማር፦ ለዓረብ አገር ተጓዦች ሥልጠና ምን ያህል ይበቃል?

ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች በሚበዙባቸው አጥቢያዎች፣ ሰበካ ጉባኤያት ከሚያቀርቧቸው የፕሮጀክት ሐሳቦች መካከል የቋንቋ ሥልጠና እየተደጋገመ መጥቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት ብቻዋን የምትሠራ ልጅ «ታምሜያለሁ»፣ «ደመወዜ አልተከፈለኝም»፣ «ፓስፖርቴን ስጡኝ» ለማለት ካልቻለች፣ መብቷን የሚገልጽ የሥራ ውል በእጇ ቢኖርም ውሉ ስለ እርሷ አይናገርላትም። ይሁን እንጂ በአንዳንዶቹ ዕቅዶች ውስጥ ከፍተኛው ወጪ የተያዘው ለታብሌት ግዥና ለቋንቋ ማስተማሪያ መተግበሪያ ሲሆን፣ ለመምህር የተያዘው ጥቂት ነው፤ ጨርሶ ያልተያዘበትም አለ። ስለዚህ በተለምዶ «አፕ» የምንለው መተግበሪያ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ማየት ይገባል።

መተግበሪያ በእውነት የሚችለው ክለሳን ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ በቃሉ እያጠና የመርሳትን ሂደት መረመረ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ይፈጥናል፣ ከዚያ በኋላ እየዘገየ ይሄዳል፤ በአንድ ቀን ተከምሮ ከተጠናው ይልቅም በተለያዩ ቀናት እየተከፋፈለ የተጠናው ይጸናል። የዛሬዎቹ መተግበሪያዎች ብዙዎቹ በዚህ መሠረት የተሠሩ ናቸው። ተማሪው የሳተው ቃል ቶሎ ይመለስበታል፤ ያወቀው ደግሞ ከቀናት፣ ቀጥሎም ከሳምንታት በኋላ ይጠየቃል። በቅኔ ቤት ግስ ያጠና ሰው ለዚህ እንግዳ አይደለም። የትናንቱ ሳይከለስ የዛሬው አይያዝም። የስልኩ ብልጫ የእያንዳንዱን ተማሪ ስሕተት ሳይሰለች መመዝገቡና በማንኛውም ሰዓት መገኘቱ ነው። ፊደል ለማስቆጠርም ይረዳል፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፉትንና በቃሉ ውስጥ እንደየቦታቸው መልካቸውን የሚለዋውጡትን 28 የዓረብኛ ፊደላት ትጉህ ተማሪ በስልኩ ሊለያቸው ይችላል።

የሰዓቱን ነገር ግን እናስላ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን በሚያሠለጥንበት ተቋም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ዓረብኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ እንዲያውቅ 2,200 ያህል የክፍል ሰዓት ይታሰብለታል፤ ለአማርኛ የሚታሰበው 1,100 ገደማ ነው። በቀን 15 ደቂቃ በስልኩ የሚያጠና ሰው ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድል 91 ሰዓት ያገኛል። በእርግጥ ለቤት ሠራተኛ የዲፕሎማት ዓረብኛ አያስፈልጋትም። ነገር ግን ከጉዞ በፊት ያሉት ሦስት ወራት በዚህ ስሌት የሚሰጡት ሃያ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሰዓታት ምን እንደሚጠና መምረጥ ግድ ይሆናል።

ዱኦሊንጎንና እርሱን የመሰሉትን ብንመለከት፣ አብዛኛው ልምምድ ከቀረቡት አማራጮች ትክክለኛውን መንካት፣ ቃልን ከትርጉሙ ጋር ማዛመድ፣ የተበታተኑ ቃላትን መደርደር ነው። ይህ የሚያሠለጥነው መለየትን ነው። ሲያዩት መለየትና አማራጭ በሌለበት ከራስ አውጥቶ መናገር ግን የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የአብነት መምህር ለደቀ መዝሙሩ ሦስት መልስ አቅርቦ «ምረጥ» አይለውም፤ «በል» ይለዋል፣ ያደምጠዋል፣ ሲሳሳት ያስቆመዋል። መተግበሪያዎቹ ተማሪው ያላቋረጠባቸውን ቀናት እየቆጠሩ ማመስገናቸው ትጋትን ይቀሰቅሳል። ሆኖም መቶ ቀን ሳታቋርጥ ስልኳን ስትነካካ የቆየች ልጅ አንዲት እመቤት ፊት ለፊት ቆማ ስትጠይቃት አፏ ሊተሳሰር ይችላል፤ ሰው በጥያቄ ሲያፋጥጣት የመጀመሪያዋ ይሆናልና።

ሌላው፣ ምናልባትም ዋናው ጉዳይ፣ የትኛው ዓረብኛ የሚለው ነው። መተግበሪያዎች በብዛት የሚያስተምሩት የመጽሐፍና የዜና ቋንቋ የሆነውን መደበኛውን ዓረብኛ ነው። በቤት ውስጥ የሚነገረው ግን እንደየአገሩ ይለያያል። መደበኛው «አሁን» ለማለት «አልአን» ይላል፤ በጅዳ «ዳሕሒን»፣ በኩዌት «አልሒን»፣ በቤይሩት «ሀላእ» ይባላል። «ምን ትፈልጊያለሽ?» በመጽሐፉ «ማዛ ቱሪዲን» ሲሆን፣ በጅዳ «ኢሽ ተብጊ»፣ በቤይሩት «ሹ ባዲክ» ነው። ግእዝን ብቻ ተምሮ መርካቶ ለገበያ የወጣን ሰው ማሰብ ነው፤ የተማረው ክቡር ነው፣ ነጋዴው ግን አይመልስለትም። ከዚህ የተነሣ ተጓዧ የምትሄድበት አገር ሳይታወቅ ሥልጠና መጀመር ከጥቂቶቹ ሰዓታት ብዙውን ማባከን ነው።

የማስተማሪያውም ቋንቋ እንቅፋት ይሆናል። ዱኦሊንጎ ዓረብኛን በአማርኛ አያስተምርም፤ በእንግሊዝኛ በኩል የምትማር ልጅ ሁለት በር መክፈት ይጠበቅባታል። በዚያ ላይ በእጃችን ያለው ሀብት ይሸፈናል። ዓረብኛ «በይት» የሚለው ቤት ነው፤ «ረእስ» ርእስ፣ «ዐይን» ዐይን፣ «ነፍስ» ነፍስ፣ «የድ» በግእዝ እድ፣ «ማእ» በግእዝ ማይ ነው። ግእዝ የሚያውቁ ካህን ወይም ዲያቆን በአንድ ምሽት የሚያሳዩትን ይህን ዝምድና በእንግሊዝኛ የተሰናዳ ትምህርት ከቶ አያነሣውም። በአማርኛ ንግግር አንድ የሆኑት ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በዓረብኛ እስከ ዛሬ ሦስት ድምፅ ናቸው፤ «ሐልቅ» ጉሮሮ ሲሆን «ኀልቅ» ፍጥረት ነው። ጆሮ እንዲለያቸው ስልኩ መቶ ጊዜ ቢደጋግም ይጠቅማል። ድምፁ ከጉሮሮ በትክክል መውጣቱን የሚያርመው ግን የሚሰማ ሰው ነው።

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤው ገንዘቡን በምን ላይ ያውል? በእኔ አስተያየት በመጀመሪያ በሰው ላይ። በየአጥቢያው በጅዳ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት ለዓመታት ሠርተው የተመለሱ እኅቶች አሉ። የሚያውቁት ዓረብኛ የቤቱ፣ የገበያውና የሐኪም ቤቱ ነው። ከእነርሱ አንዷ ፈቃደኛ ከሆነች በሰዓት እየተከፈላት በሳምንት ሁለት ቀን ከአምስት ወይም ከስድስት ልጆች ጋር ብትቀመጥና ልጆቹ እመቤትና ሠራተኛ፣ ሐኪምና ታማሚ እየሆኑ ቢነጋገሩ፣ ለታብሌት ከሚወጣው እጅግ ባነሰ ወጪ የሚሻል ሥራ ይሠራል። «ፈቃደኛ ከሆነች» ማለቴ በምክንያት ነው። በስደት የደረሰባትን ለማስታወስ የማትወድ ልትኖር ትችላለችና ማንም ሊጫናት አይገባም፤ ክፍያውም «ለበረከት» ተብሎ መቅረት የለበትም።

ስልኩ ከዚህ ቀጥሎ በቦታው ይግባ። አንኪ የሚባል የክለሳ መተግበሪያ አለ፤ ለኮምፒዩተርና ለአንድሮይድ ስልክ በነፃ ይገኛል፣ በአይፎን ግን ይሸጣል። ባዶ መጥቶ ተጠቃሚው ራሱ ካርድ የሚሞላው በመሆኑ፣ በአንድ ገጽ አማርኛውን ጽፎ በሌላው ገጽ የመምህርቷን ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ካርዶቹ አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ይህን ማሰናዳት ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚከብድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች የፍራፍሬና የእንስሳት ስም ባይሆኑ ይመረጣል፤ «ራቲብ» ደመወዝ፣ «ጀዋዝ» ፓስፖርት፣ «ሙስተሽፋ» ሆስፒታል፣ «ሹርጣ» ፖሊስ፣ «ሲፋራ» ኤምባሲ ቢሆኑ ይሻላል። ለቤይሩት ተጓዥ የደመወዙ ካርድ «መዓሽ» ተብሎ ይቀዳ።