ዙራቸው የማይገጥም ድምፆች

ሙዚቃ ማቀናበር ለሚጀምር ሰው አምቢየንት ከተባለው የሙዚቃ ስልት የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ፈጣን ጣት፣ የኖታ ንባብ ወይም ውድ ስቱዲዮ አይጠይቅም፤ የሚያሠራው ጆሮን ነው። ምቱ የላላ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። ግጥምና አዝማች አይጠበቅበትም። ድምፁ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚከስም፣ ጉዳዩ ያ ነው።

ለስልቱ ስም የሰጠው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ በ1978 እ.ኤ.አ. «ሙዚክ ፎር ኤርፖርትስ» የተባለ አልበም ሠራ። ለአንዱ ክፍል ጥቂት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንዲት ኖታ ብቻ ይዘው እንዲያዜሙ አደረገ። እያንዳንዷን በቴፕ ቀድቶ የቴፑን ክር ጫፍና ጫፍ አጣበቀ፤ ክሩ እየዞረ ድምፁን ይደጋግማል። ብልሃቱ ያለው ክሮቹ እኩል አለመሆናቸው ላይ ነው። አንዱ ድምፅ በ23 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይመለሳል፣ ሌላው ወደ 26፣ ሌላው ወደ 30 በሚጠጋ ጊዜ። ስለዚህ አንዴ ይደራረባሉ፣ አንዴ ይራራቃሉ፣ አንዳንዴም ሁሉም ዝም ይላሉ። ማንም ያልጻፈው ዜማ ከመካከላቸው ይወለዳል። እኔን ይህን ያህል ያስደነቀኝ የቅንብር ዘዴ የለም።

ዛሬ ለዚህ ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ የጆሮ ማዳመጫና እንደ ኦዳሲቲ ያለ ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ሦስት የክራር ድምፆች ቅዱ፤ አንዱ በየ17፣ ሁለተኛው በየ19፣ ሦስተኛው በየ23 ሰከንዱ ይመለስ። አብረው ቢነሡ፣ ሦስቱም እንደገና እኩል የሚገናኙት ከ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ በኋላ ነው! ድምፆቹን ከትዝታ ሜጀር ቅኝት ብትመርጡ ይበጃል። በአምስቱ ኖታዎች መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሌለ፣ የትኛውም በየትኛው ላይ ቢወድቅ አይጋጭም። የአንቺሆዬ ቅኝት ግን ያ ጠባብ ርቀት አለው። ፍጥጫው ያምራል፤ ለመጀመሪያ ሥራ ግን ያስቸግራል።

ከቀዳችሁት ላይ ጣት የክራሩን ክር የመታበትን ቅጽበት ቆርጣችሁ ንዝረቱን ብቻ አስቀሩ፤ መነሻውም ቀስ በቀስ ይጉላ። ያኔ ክራርነቱ ይደበቃል፣ ድምፁም ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ሪቨርብ (የማስተጋባት ውጤት) በልክ ጨምሩ፤ ሲበዛ ድምፆቹ አይለዩም፣ የመራራቃቸው ውበትም አብሮ ይጠፋል።

ከዚያ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱትና ሌላ ሥራችሁን ሥሩ። ከሥራችሁ እየጎተተ የሚያቋርጣችሁ ድምፅ ካለ፣ አራተኛ ከመጨመራችሁ በፊት እሱን አውጡት።