ከቀለሙ ስር ያለው ብረት

የአምፕሊፋየርን ክዳን ስትከፍቱ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የመሬት ሽቦ በቡሎን ከብረት አካሉ ጋር ታስሮ ታገኛላችሁ። ቢጎትቱት አይነቃነቅም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የታሰረው ከቀለሙ ጋር ነው እንጂ ከብረቱ ጋር አይደለም።

ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቀለም ያልተቀባ አሉሚኒየምም ቢሆን አየር ሲያገኘው ስስ የኦክሳይድ ልባስ ያበጃል። በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብረት ትንሽ ሊነካ ይችል ይሆናል፤ ቴስተሩም ለጊዜው ይጮኻል። ዕቃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ፣ ሞንታርቦው ሲያንቀጠቅጠው ግን ያቺ ንክኪ ትላላለች።

ይህ እንዲያው ለጥንቃቄ የሚባል ነገር አይደለም። የመብራቱ ሽቦ ተልጦ የብረት አካሉን ቢነካ፣ የመሬት መስመሩ ጠቅላላ መቋቋም 1 ኦም ከሆነ 220 አምፔር ያህል ይፈስሳል፤ ቆጣሪው አጠገብ ያለው ባለ 16 አምፔር ማቋረጫ ወዲያው ይወርዳል። ቀለሙ መቋቋሙን 50 ኦም ካደረሰው ግን የሚፈስሰው 4.4 አምፔር ብቻ ነው። ማቋረጫው ምንም አይመስለውም፤ አካሉ ግን 220 ቮልት ይዞ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሞረድና ከብርጭቆ ወረቀት ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ከሶኬት ንቀሉት፤ በተለይ የአምፖል አምፕሊፋየር ከሆነ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ገዳይ ቮልቴጅ ሊይዙ ስለሚችሉ ሳያራግፉ እጅ አይገባም። ከዚያ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት። የሽቦውን ጫፍ በቀለበት ያዙት። በቀለበቱና በብረቱ መካከል ጥርስ ያለው ሮንዴላ አግቡ፤ ጥርሱ ብረቱን ነክሶ ይይዛል። ዳዶውን አጥብቁና እንዳይላላ በላዩ ሁለተኛ ዳዶ ጨምሩ። ቡሎኑ ለዚህ ብቻ ይሁን፤ ትራንስፎርመሩን የያዘውን ቡሎን አትጋሩ፤ ነገ ትራንስፎርመር የሚቀይር ሰው ፈትቶት ሊረሳው ይችላል። የመሬቱን ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝሙት፤ ገመዱ በኃይል ቢጎተት መጨረሻ የሚበጠሰው እሱ ይሁን።

አንዳንዱ ሰው ሽቦውን በካውያ ብረቱ ላይ ይበይደዋል። እኔ አልመክርም። ትንሽ ካውያ ሰፊ ብረት አያሞቅም፤ ሊዱ ሳይጣበቅ እንደ ጠብታ ላዩ ላይ ይቀመጣል። አሉሚኒየም ላይማ ተራ ሊድ ጭራሽ አይዝም።

የድምፁ መሬት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ከብረት አካሉ ጋር በብዙ ቦታ ካገናኛችሁት ድምፅ ማጉያው «እምምም» ማለት ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ነጥብ፣ ማይክ ወይም ጊታር በሚሰካበት አጠገብ፣ ማገናኘት ይበቃል።

ስትጨርሱ ከመሰኪያው የመሬት እግር እስከ ብረት አካሉ ድረስ ለኩ። የቴስተሩ ገመዶች ራሳቸው መቋቋም ስላላቸው መጀመሪያ ጫፎቻቸውን አነካክታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር ቀንሱ፤ የሚቀረው ወደ 0.1 ኦም ቢጠጋ መልካም ነው። ገመዱን ስታወዛውዙት ቁጥሩ የሚዘልል ከሆነ ቡሎኑን ፍቱና እንደገና ፋቁ። የግድግዳው ሶኬት ከጀርባው የመሬት ሽቦ ከሌለው ግን የለፋችሁበት ሁሉ እዚያ ግድግዳ ላይ ስለሚያበቃ፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።