የውሻ ካንሰር መድኃኒት፦ ፈቃድ ብቻውን ገበያ አይሆንም

የእንስሳውን የራሱን በሽታ የመከላከል አቅም በካንሰር ላይ የሚያነሳሳ ሕክምና ባለሀብቶችን ሲስብ ቆይቷል። የካንሳሱ አራታና ኩባንያ ሊምፎማ ለተባለው የውሾች ካንሰር ያዘጋጀው «ብሎንትረስ» እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 ከአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሙሉ ፈቃድ አገኘ። መድኃኒቱ በታመመው ሕዋስ ላይ ተጣብቆ ለመከላከያው ዒላማ እንዲያሳይ የታሰበ አንቲቦዲ ነበር። ሆኖም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ኩባንያው ራሱ፣ መድኃኒቱ ዒላማውን እንደተጠበቀው ለይቶ እንደማይዝ አስታወቀ፤ የአክሲዮኑም ዋጋ አሽቆለቆለ። በ2019 ኩባንያው ለኤላንኮ ተሸጠ።

በ2023 የመርክ «ጊልቬትማብ» ያገኘው ፈቃድ ደግሞ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው፤ ይህም ደኅንነቱ ታይቶ ፈዋሽነቱ ገና በተስፋ ደረጃ ላለ መድኃኒት የሚሰጥ ነው። ስለዚህ አክሲዮን ገዥ ከማኅተሙ ይልቅ በታመሙ ውሾች ላይ የታየውን ውጤት መመርመር ይኖርበታል።